የወልደ ጊዮርጊስ ቡጢ ስንት ኪሎ ነበር?

«አርባ!» ብሎ ጮኸ አብዮት፣ ካርቶኑ ገና መንሸራተቱን ሳያቆም።

«ሠላሳ አራት ሳንቲ፣» አለች ፈርዶስ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ።

«ዓይንሽን አሽተሽ እዪ!»

«አሽቼ ነው ያየሁት። ሠላሳ አራት።»

አብዮት የቦክስ ጓንቱን ማሰሪያ በጥርሱ እየፈታ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ይቺ ልጅ እኮ ለገዛ እናቷም አንድ ሳንቲ አትጨምርም» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ፈርዶስ ደብተሯ ላይ ሠላሳ አራት ብላ ጻፈች። ቢስቁም ባይስቁም ቁጥሩ ያው ነው።

መሣሪያው የራሷ ሐሳብ ነበር። ቦንጋ ባለው ትምህርት ቤታቸው የስፖርት ዕቃ ማከማቻ ውስጥ የቡና ገለባ የታጨቀበት ጆንያ ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ከጆንያው ጀርባ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ባዶ የሳሙና ካርቶን፣ ከካርቶኑ ጎን ረጅም ማስመሪያ አለ። ሰው ጆንያውን በቡጢ ሲመታው ጆንያው ወደ ኋላ ሄዶ ካርቶኑን ይገፋዋል። ጆንያው ይመለሳል፣ ካርቶኑ ግን እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መለካት ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍሎች ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ያዘጋጁት ይህንን ነበር፤ አንደኛ የወጣ ሥራ ለክልል ውድድር ያልፋል።

እዚህ እስኪደርሱ ግን ብዙ ተጨቃጭቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ወንዶቹ፣ በሁለተኛው ሴቶቹ መቱ። የሴቶቹ ውጤት አሳፋሪ ሆነ። ፈርዶስ ራሷ ያለ የሌለ ኃይሏን ሰብስባ መትታ ካርቶኑ አሥራ አንድ ሳንቲ ብቻ ተገፋ፤ ወንዶቹም ለሦስት ቀን ስሟን ትተው «አሥራ አንድ» እያሉ ጠሯት። እሷ ግን አላመነችም። አባቷ ሬድዋን ቡናና ማር ይነግዳል፤ ዝናብ የነካው ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታይ ነው ያደገችው። የማከማቻው ጣሪያ ያፈሳል። ገለባ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ጆንያውን አስወርዳ በአባቷ ሚዛን ስታስመዝነው፣ ሃያ ስምንት ኪሎ የነበረው አርባ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ የመቱት ገለባውንም ዝናቡንም ነበር። የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ መምህር ኢያሱ «ለኤግዚቢሽን ነው እንጂ አውሮፕላን ልናበርበት አይደለም፣ ተዪው» ቢሏት አልተወችም። ገለባው ተቀየረ፣ የሁሉም ውጤት ተሰረዘ፣ ሁሉም እንደ አዲስ መቱ። አብዮት በድሮው ውጤት አርባ ሳንቲ ነበረው። እስካሁን ይቅር አላላትም።

«በቃ፣ ጨረስን!» አለች በሩ ላይ የደረሰችው ኑኃሚን። በብብቷ ትልቅ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። «አሁን ደግሞ የእኔን እዩ።»

ኑኃሚን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የፈርዶስ የቅርብ ጓደኛ ናት። የእጅ ጽሑፏ የሚያምር ስለሆነ ፖስተሩን የመሥራት ኃላፊነት ለእሷ ተሰጥቷል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መሐሉ ላይ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተለጥፏል፤ የቦክስ ጓንት ያደረጉት የኑኃሚን አያት፣ ባለፈው ዓመት ያረፉት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ከሥሩ በቀይ እንዲህ ይላል፦ «የወልደ ጊዮርጊስ ቡጢ፣ 800 ኪሎ! በካፋ ምድር ታይቶ የማይታወቅ!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ታሪኩን ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። በ1973 ዓ.ም. ጅማ ላይ በተደረገ የቦክስ ውድድር ወልደ ጊዮርጊስ የደካውን ገብረ ኢየሱስን በአንድ ቡጢ ጣለው፤ ሰውየው ግማሽ ሰዓት ራሱን አላወቀም፤ ቡጢውም ስምንት መቶ ኪሎ ነበር።

ፈርዶስ አላጨበጨበችም። «ኑኅ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?»

«ከየት ይመጣል? ሁሉም ያውቀዋል።»

«ማን ለካው?»

«ፈርዶስ፣ በናትሽ አትጀምሪ።»

«ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ። እኛ የአብዮትን ቡጢ ለመለካት ከሁለት ሳምንት በላይ በዝናብ ተደብድበናል። በ1973 ጅማ ላይ ማን ጆንያ ሰቅሎ ለካ? ስምንት መቶ ኪሎ ቡጢ ቢያርፍበት ሰውየው ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?»

ኑኃሚን ፊቷ ተለዋወጠ። ከግድግዳው ተደግፎ የቆመው አብዮት ግን ደስ አለው። «የእናንተ ሰው ስላልሆነ ነው እንዲህ የሚያንገበግብሽ» አላት። «የአንቺ አያት ቢሆን ኖሮ ሺህ ኪሎ ትይው ነበር።»

የፈርዶስ አያት ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ሱቅ የከፈቱት አባቷ ገና ጡት ሳይጥል ነው። እሷ የተወለደችው እዚሁ፣ ከገበያው በላይ ባለው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ቢሆንም ጆሮዋ ድረስ ጋለባት። ኑኃሚን አንድ ነገር ትለዋለች ብላ ጠበቀች። ኑኃሚን ግን የፖስተሩን ጥግ በመዳፏ ታስተካክል ነበር።

«የእኔ አያት ቢሆኑም እጠይቅ ነበር» አለች ፈርዶስ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ያልለካነውን አንጽፍም። እኔ ስሜን አላስገባበትም።»

«እንደዚህ ካካበድሽ፣» አለች ኑኃሚን በመጨረሻ፣ «የተመቱት ሰውዬ አሉልሽ አይደል? ደካ ሂጂና ጠይቂያቸው!»

«እሄዳለሁ።»

«ሂጂያ!»

«እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሬድዋን ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ሊገዛ በአይሱዙው ወደ ደካ ይሄዳል። ልጁ አብሬህ ልሂድ ስትለው መጀመሪያ የቀለደች መሰለው።

«ለአንድ ቁጥር ብለሽ ደካ ድረስ?»

«አባቢ፣ አንተ ያልመዘንከውን ማር ትገዛለህ?»

«አልገዛም።»

«እኔም።»

አባቷ ትንሽ አሰበና «ጃኬት ያዢ፣ መንገዱ ይበርዳል» አላት።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስተው ረፋድ ላይ ደካ ገቡ። መንገድ ላይ ፈርዶስ ስልኳን ከፍታ ከፖስተሩ ላይ ያነሳችውን ፎቶ ደጋግማ አየች። ጓንት ያደረጉት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ስለሚታዩ ሁሉም የሚያየው እሳቸውን ነው። እሷም እስከዚያ ቀን ድረስ ሌላውን አላየችም ነበር። አሁን ግን መኪናው በጉድጓድ ላይ እያንገጫገጫት ፎቶውን አሰፋችው፣ አሰፋችው፤ ከዚያ ስልኳን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስን ማግኘት አላስቸገረም። ደካ ውስጥ «በቦክስ የወደቁት» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ትከሻቸው እስካሁን ሰፊ የሆነ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አዲስ የንብ ቀፎ በልጥ ያስራሉ። ሁለት የጎረቤት ልጆች ልጡን እየላጡ ያቀብሏቸዋል። ፈርዶስ ከቦንጋ ድረስ ስለ ወልደ ጊዮርጊስ ቡጢ ልትጠይቃቸው እንደመጣች ስትነግራቸው ፊታቸው በራ።

«መብረቅ ነው!» አሉ ቀፎውን ወደ ጎን አድርገው። «አገጬን ሲያገኘኝ ሰማዩ ጠቆረ። ስምንት መቶ ኪሎ! ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይቀበር ነበር። እኔ ሆኜ ነው የተረፍኩት። ግማሽ ሰዓት ራሴን አላወቅሁም።»

ልጆቹ ልጡን ትተው አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። መቶ ጊዜ እንደሰሙት ያስታውቃል፤ ቢሆንም ይጥማቸዋል። ፈርዶስንም ጣማት። ግን ጥያቄዋን ይዛ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ ራስዎን ካላወቁ፣ ግማሽ ሰዓት መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሰው ነገረኛ!»

«እሺ። በየትኛው እጃቸው ነው የመቱዎት?»

«በቀኝ... በግራ። በግራ ነው።»

«ይሄን ፎቶ ያውቁታል?»

ስልኳን ሰጠቻቸው። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ አራቅ አድርገው ያዙትና ፈገግ አሉ። «ወልዴ! እጁን ዳኛው ሲያነሳለት ነው።»

«አዎ። ከዳኛው በግራ በኩል የቆመውስ ማነው?»

ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ከዳኛው በግራ በኩል አንድ ቀጭን ወጣት ጓንቱን እንዳደረገ በሁለት እግሩ ቆሟል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሩ የደረቀ ነው። ፊቱ ላይ እብጠት የለም። ደምም የለም።

«እናንተ ልጆች፣» አሉ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ «ሂዱ፣ ውኃ ቅዱ።» ልጆቹ እስኪርቁ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ፈርዶስ ሲዞሩ ዓይናቸው ተቆጥቷል። «ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ምን ልትሆኚ?»

«እውነቱን ላውቅ። ትምህርት ቤት ስምንት መቶ ኪሎ የሚል ፖስተር ሠርተናል። ማን እንደለካው ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌው ከመሬት አንድ ልጥ አንስተው በጣታቸው መካከል ጎተቱት። ፈርዶስ ልትሰናበት አሰበች። በልቧም ፈርታ ነበር፤ ትልቅ ሰው ማሳፈሯ እየገባት ሄዷል። ከቦታዋ ግን አልተነሳችም።

«እኔ ነኝ የለካሁት» አሉ።

«እርስዎ?»

«ስሚ። ምድቤ ስልሳ ኪሎ ነው። ጅማ ደርሼ ሚዛን ላይ ስወጣ ስልሳ ሦስት ሆንኩ። አሠልጣኙ ሦስቱን ኪሎ አውርድ፣ አለዚያ ደካ ትመለሳለህ አለኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ውኃም አልጠጣሁም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ፀሐይ ላይ ሜዳ ዞርኩ። ስልሳ ገባሁ። ግን ያ ሚዛን ላይ የወጣው ሰው እኔ አልነበርኩም።» ልጡን በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት። «ወልዴ በሁለተኛው ዙር እዚህ ጋ ነካኝ። ነካኝ ነው የምልሽ። ጉልበቴ ለብቻው ታጠፈ። ተኝቼ ዳኛው ሲቆጥር እሰማለሁ። ስድስት። ሰባት። ስምንት።»

«መነሳት አቃተዎት?»

«አርባ አራት ዓመት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው።»

ፈርዶስ ስልኳን ከጎናቸው አንስታ ኪሷ ከተተችው።

«ከጅማ የመለሰኝ መኪና ጨው ጭኖ ነበር» ብለው ቀጠሉ። «ስምንት ኩንታል። ከላዩ ተቀምጬ ስመጣ፣ ለደካ ሰው ምን እላለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። እናቴ ዶሮ ሸጣ ነው ጫማ የገዛችልኝ። በውኃ ጥም ወደቅኩ ልበላት? ስወርድ ሰው ከበበኝና በምን መታህ አሉኝ። የተቀመጥኩበትን ቆጠርኩላቸው። ስምንት መቶ ኪሎ አልኩ።»

«ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስስ? እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«የመታ ሰው እጁ ይነግረዋል። አንዴ ለለቅሶ እዚህ መጣ። ሰው ከብቦ ስምንት መቶ ኪሎ ሲለው 'ኧረ እኔ እንደዚያ' ብሎ ጀመረ። በዓይኔ ለመንኩት። አየኝና ዝም አለ። እስኪሞት ዝም አለ።» ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ቀና ብለው አዩዋት። «ይሄን ለሚስቴም አልነገርኩም። አንቺ ጋ ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። እንዳትጽፊው። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«አልናገርም ጋሼ። ወላሂ አልናገርም።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፤ መጨመሯ ራሷንም አስደነገጣት። «ግን ስምንት መቶውንም አልጽፍም።»

«ታዲያ ምን ልትጽፊ ነው?»

«እንጃ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ ደስታም ንዴትም ነበረበት። «ወልዴ እንኳ እንዳንቺ አላፋጠጠኝም» አሉና ቀፏቸውን ወደ ጭናቸው መልሰው ማሰር ጀመሩ።

ወደ ቦንጋ ሲመለሱ አባቷ ምን አሉሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። «ወድቄያለሁ አሉኝ» አለችው። ተናዳ ነበር። በአብዮት ተናደደች፣ በኑኃሚን ተናደደች፣ ከሁሉም ይልቅ ሽማግሌው ስለነገሯት ተናደደች። ባይነግሯት ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ አላውቅም ብላ ትከራከራለች፣ አለቀ። አሁን ግን ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትዘጋው ትችላለች፤ መናገር ግን አይፈቀድላትም። ብትናገር ማታውኑ ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ደካ ይገባል። እነዚያ ልጥ ሲያቀብሉ የነበሩ ልጆች ይሰሙታል።

ማክሰኞ፣ የኤግዚቢሽኑ ዕለት፣ ጥበቃው በሩን ገና ሲከፍት ፈርዶስ ትምህርት ቤት ደረሰች። ፖስተሩ ከጆንያው ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ነጭ ወረቀት ቆርጣ «800 ኪሎ! በካፋ ምድር ታይቶ የማይታወቅ!» የሚለው ላይ ለጠፈችበትና በጥቁር ማርከር ጻፈች። ጽሑፏ የኑኃሚንን ያህል አያምርም፤ ፊደሎቹ ወደ ታች ዘመም ዘመም ብለዋል።

«ውድድሩ፦ ጅማ፣ 1973 ዓ.ም.። ውጤት፦ ወልደ ጊዮርጊስ በሁለተኛው ዙር አሸነፈ። የቡጢው ኃይል፦ አልተለካም።»

ኑኃሚን ስትገባ ማጣበቂያው አልደረቀም ነበር። አነበበችው። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች።

«ምን አሉሽ ሰውየው?»

«መቱኝ አሉ። ወደቅኩ አሉ።»

«እና ስንት ኪሎ?»

«አልተለካም።»

«ፈርዶስ፣ እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ! ምን አሉሽ ነው የምልሽ!»

ፈርዶስ ሁሉም ነገር አፏ ላይ መጣ፤ ብርድ ልብሱ፣ ውኃ ጥሙ፣ የጨው ኩንታሉ። ምላሷን ነከሰች። «የምነግርሽ ይሄንን ብቻ ነው። አያትሽ አሸንፈዋል። እሱ እውነት ነው፣ ማንም አይወስድባቸውም። ኪሎውን ግን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ።»

«ቀንተሽ ነው» አለች ኑኃሚን። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አብዮት እንዳለሽ ነሽ።»

ይሄኛው ከአብዮት በላይ አመማት። አልቅሳ ልትጮህባት ፈለገች። «ከላጥሽው መልሼ እለጥፈዋለሁ» አለች ብቻ። «ሦስት ጊዜ ብትልጪው ሦስት ጊዜ እለጥፈዋለሁ።»

ኑኃሚን እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደች። ጥጉን በጥፍሯ ያዘች። በዚህ መሃል መምህር ኢያሱ በሩን በርግደው ገቡ።

«ዳኞቹ ግቢ ገብተዋል! ምንድነው ይሄ? ፈርዶስ፣ ስምንት መቶው የት ሄደ?»

«አልተለካም መምህር።»

«ልጄ፣ ሰው ሊያይ የሚመጣው ስምንት መቶውን ነው እኮ። አልተለካም የሚል ነገር ማን አንደኛ ያወጣዋል?»

«የጆንያው ክብደት ሲሳሳት የሁላችንንም ውጤት ሰርዘን እንደገና ለክተናል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን እንደገና መለካት አንችልም። ስለዚህ አላውቅም ነው የምንለው።»

መምህር ኢያሱ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። «እንግዲያው ዳኞቹ ሲጠይቁ አንቺው ትመልሻለሽ። እኔ የለሁበትም።»

«እሺ።»

ሦስት ዳኞች ገቡ። ከኋላቸው ግማሹ ትምህርት ቤት ተከትሏቸዋል። ከሦስቱ ቀዳሚው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ማይክ የማያስፈልገው ሰው። ፎቶውን ሲያዩ እጃቸውን አጋጩ።

«ወልዴ! የስምንት መቶ ኪሎው ሰው! አባቴ ሲነግረን ነው ያደግነው!» ከዚያ ጎንበስ ብለው አነበቡና ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አልተለካም? ምን ማለት ነው አልተለካም?»

ሁሉም ወደ ፈርዶስ ዞረ። አብዮት ከመስኮቱ ጋ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ኑኃሚን ሦስት እርምጃ ርቃ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«በዚያን ጊዜ የለካ ሰው የለም ጋሼ» አለች ፈርዶስ። «ያለን ሰው ያወራው ነው። የሰው ወሬ ደግሞ ማስመሪያ የለውም። ማሸነፋቸው እርግጥ ነው፣ ጽፈነዋል። ቡጢያቸው ስንት እንደሆነ አናውቅም።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሬድዋን። ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግኩ።»

ያልተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። ሰብሳቢው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ጆንያውን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ። «የእኔንስ ትለኪዋለሽ?»

«እንለካለን።»

ኮታቸውን አውልቀው ለመምህር ኢያሱ ሰጡ። ልጆቹ ጮኹ። ሰብሳቢው ወደ ኋላ ተንደርድረው አንዴ ሲመቱት ጆንያው ገመዱን አንቋቆ ሄደ፤ ካርቶኑ ተንሸራተተና ቆመ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «ሃምሳ!» አለ አንዱ። «ስልሳ!» አለ አብዮት።

ፈርዶስ ጎንበስ ብላ አየች። ሰብሳቢውም በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሃያ በይው። አንዲት ሳንቲ ናት።»

ሃያ ብትል ማንም አይጎዳም። የእሳቸው ነጥብ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍሎችን ወደ ክልል ሊያሳልፋቸው ይችላል። መምህር ኢያሱ ከኋላ ሆነው በዓይናቸው «በይ፣ በይ» ይሏታል። ፈርዶስ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«አሥራ ዘጠኝ!» አለ አንድ ድምፅ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

ኑኃሚን ነበረች። ማስመሪያው ላይ በሌላ በኩል ጎንበስ ብላለች።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ፈርዶስ፤ ጻፈችውም። ልጆቹ አጉረመረሙ፣ ጥቂቶቹም ሳቁ። ሰብሳቢው ኮታቸውን መልሰው ለበሱ፣ ቁልፉን ቆለፉ። ደስ ያላቸው አይመስልም። ከዳኞቹ አንዷ ግን ወደ ፖስተሩ ተመልሰው የተለጠፈውን ወረቀት ዳግም አነበቡና ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ምን እንደሆነ አልታየም። ከዚያ ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ወጡ፤ መምህር ኢያሱም ከኋላቸው እየተጣደፉ።

ፈርዶስና ኑኃሚን ብቻቸውን ቀሩ። ኑኃሚን የአያቷን ፎቶ ትክ ብላ አየች። ጣቷን ከዳኛው በግራ በኩል ወደቆመው ቀጭን ወጣት ወሰደችው፤ ከዚያ በፊት አይታው የምታውቅ አትመስልም።

«ሰውየው የነገሩሽ ነገር አለ» አለች ሳትዞር። «አይደል?»

ፈርዶስ የለም ብትላት ጥያቄው እዚያው ያበቃ ነበር።

«አለ» አለች።

«ትነግሪኛለሽ?»

«አልነግርሽም።»

ኑኃሚን ዞራ አየቻት። ፈርዶስም ዓይኗን ሳትሰብር አየቻት፤ ኑኃሚን ብትጣላትም ትጣላት፣ ከዚህ ወዲያ የምትጨምረው ቃል የላትም። በሩ ላይ ሌሎች ተማሪዎች ጓንቱን እየተሻሙ ይገፋፋሉ። ኑኃሚን ካርቶኑን አንስታ ወደ መነሻው መስመር መለሰችው።

«ተራ ግቡ» አለቻቸው።